የኤክሴሉ አቮካዶና የአጎቴ ባሕር ዛፍ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶራቪል፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ባለው ትልቁ የገበሬዎች ገበያ ውስጥ ቆሜ ስልኬን እያየሁ ነበር። አትላንታ የምትኖሩ ቦታውን ታውቁታላችሁ፤ ኮሪያዊው፣ ሜክሲኳዊው፣ ቬትናማዊው፣ የእኛም ሰው ጋሪ እየገፋ የሚተላለፍበት ገበያ ነው። በግራዬ ከካሊፎርኒያ የመጣ አልሞንድ፣ በቀኜ ከሜክሲኮ የመጣ አቮካዶ ተደርድሯል። ስልኬ ላይ ደግሞ ከቴሌግራም ቡድናችን የመጣ መልእክት አለ፦ «ወንድሞችና እህቶች፣ እስከ ነገ ማታ ያልተመዘገበ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ሦስት ሰዎች ነን። ነርሶች፣ ፕሮግራመሮች፣ ሁለት የሂሳብ ባለሙያዎች፣ አንድ የዶክትሬት ተማሪና አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አለን። አብዛኞቻችን ጎጃም ተወልደን ያደግን ነን፤ የቀረነውም ወላጆቻችን ከዚያ ናቸው። እያንዳንዳችን 5,000 ዶላር እናዋጣና መራዊ አካባቢ ሃስ የሚባለውን የአቮካዶ ዝርያ ለውጭ ገበያ እናልማ ነው ሐሳቡ። በድምሩ 115,000 ዶላር ነው።

እኔ አልተመዘገብኩም። ምክንያቴን ቡድኑ ውስጥ በሁለት መስመር ጽፌ «ተስፋ አስቆራጭ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። እዚህ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ እንዲህ ያለ ቡድን ዲሲም፣ ሚኒሶታም፣ ስቶክሆልምም ያሉ አንባቢዎች ስልክ ውስጥ አይጠፋምና።

መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ አቮካዶ ሳይሆን አልሞንድ ነበር። በዐቢይ ጾም ወቅት ነው፤ ከመካከላችን አንዷ የጾም ማኪያቶዋን በአልሞንድ ወተት እየጠጣች «ይኼን እኛ አገር ለምን አንተክለውም?» አለች። በስሙ ራሱ ግማሽ ቀን ተከራከርን። መጽሐፍ ቅዱሳችን ለውዝ የሚለው ይኼንኑ ዛፍ ነው፤ ቃሉም ከዐረብኛው ጋር አንድ ነው። እኛ ግን ለውዝ ስንል ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣውን ኦቾሎኒ ነው የምናስበው፤ የለውዝ ሻይም ከእሱ ነው የሚሠራው። እናቴ በስልክ «ለውዝ ዛፍ ላይ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አልሞንድ እኛ ደጋ ላይ እንደማይሆን ለማወቅ ብዙ ማንበብ አያስፈልግም። ዛፉ አንቀላፍቶ የሚያሳልፈው ቀዝቃዛ ክረምት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በረዶ የማይመታው የአበባ ጊዜና ደረቅ የመኸር ወቅት። የእኛ ደጋ ሌሊቱ ይበርዳል እንጂ እንዲያ ያለ ወቅት የለውም። እዚሁ ጆርጂያ እንኳ፣ የአልሞንድ የቅርብ ዘመድ የሆነው ኮክ የግዛቷ መለያ ሆኖ ሳለ፣ አልሞንድ ለገበያ አይመረትም፤ እርጥበቱና የጸደይ ውርጩ አያኖረውም። ስለዚህ አልሞንዱ ቀረና ወደ አቮካዶ ተሻገርን።

እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም፤ ስለ አልሞንድ ማንበቤን ቀጠልኩ። ዛሬ ከዓለም የአልሞንድ ምርት ሦስት አራተኛ ያህሉ ከካሊፎርኒያ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን የአፈሩና የአየሩ ውጤት አድርጎ ያየዋል። አፈርና አየሩ እርግጥ ነው አለ። የተረሳው ግን ከመቶ ዓመት በፊት እዚያም ገበሬው እንደኛ ገበሬ ለየብቻው፣ በአንድ ሰሞን፣ ለአንድ ደላላ ይሸጥ እንደነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ገበሬዎቹ ተሰባስበው የጋራ መሸጫ ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዛሬ ብሉ ዳይመንድ የሚባለው እሱ ነው። በ1950 ደግሞ በፌዴራል ደንብ የአልሞንድ ቦርድ ተቋቋመ፤ በሚሸጠው እያንዳንዱ ፓውንድ ላይ ጥቂት ሳንቲም ይሰበሰብና ለጥራት ቁጥጥር፣ ለምርምርና ገበያ ለማፈላለግ ይውላል። እኔ አሁን የቆምኩበት መደርደሪያ ላይ ያ አልሞንድ እንዲደረደር ያደረገው ከዛፉ ይልቅ ይህ አደረጃጀት ይመስለኛል።

እንዲህም ሆኖ ከውድቀት አልዳኑም። እ.ኤ.አ. በ2014 ገበሬው ለአንድ ፓውንድ 4 ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር። ያን ጊዜ ኢንቨስተሩም፣ የጡረታ ፈንዱም፣ ሐኪሙም አልሞንድ ተከለ። ዛፉ ግን ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት፣ ሙሉ ምርት ለመስጠት ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሁሉም የተከለው በአንድነት ሲደርስ ዋጋው ወረደ፤ በ2022 አንዱ ፓውንድ ከ1.50 ዶላር በታች ገባ። ዛፉን ነቅሎ የጣለ ብዙ ነው። ዛሬ የምትተክለው ዛፍ የሚሸጠው በዛሬው ዋጋ አይደለም። ሶፍትዌር ስንሠራ ስህተቱን ሌሊቱን አስተካክለን ጠዋት እንለቃለን፤ ዛፍ ላይ ያ የለም።

ይህን ይዤ ነው ወደ ኤክሴሉ የተመለስኩት። ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ወንድማችን ጎበዝ ነው፤ ሦስት ገጽ፣ በቀለም የተለየ፣ ግራፍ ያለው። የሰው ኮድ መገምገም ሥራዬ ስለሆነ በዚያው ዓይን አየሁት። በየሰባት ሜትሩ አንድ ዛፍ፣ በሄክታር 204 ዛፍ፤ ልክ ነው። የተዳቀለ ችግኝ በሦስተኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል፤ እሱም ልክ ነው። ከዚያ በታች ግን ችግሩ ይጀምራል። የተተከለው ዛፍ በሙሉ ይጸድቃል። የአንድ ኪሎ ዋጋ ለአሥር ዓመት አንድ ነው። የተሰበሰበው ሁሉ ለውጭ ገበያ ብቁ ነው። «መሬት» የሚል መስመር አለ፤ መሬቱ የማን እንደሆነ የሚናገር መስመር ግን የለም። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ እኛ ደግሞ አብዛኞቻችን ፓስፖርት ቀይረናል። ወይ ከመንግሥት በሊዝ፣ ወይ ከገበሬ በኪራይ ነው። ከገበሬ ከሆነ ያ ገበሬ አሁን ምን እያበቀለበት ነው?

ለዚህ መልስ የሚሆን ሰው ሩቅ አልሄድኩም፤ አጎቴ አለ። መራዊ ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአጎቴ መሬት ከቆጋ መስኖ ቦይ ብዙ አይርቅም። የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ከዚያ አካባቢ ገበሬዎች የተሰበሰበ ሃስ አውሮፓ ድረስ ሄዷል፤ ስለዚህ ሐሳቡ ከአየር የተወሰደ አይደለም። አጎቴ ግን ከቦዩ ከፍ ባለው መሬቱ ላይ ባሕር ዛፍ ነው ያለው። ሜጫን የሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ስንት የእህል ማሳ ባሕር ዛፍ እንደሆነ አይቷል። እኛ እዚህ ሆነን «አፈሩን አሟጠጠው፣ ውኃውን ጠጣው» እንላለን። ደወልኩለት። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋርጦ በአራተኛው ተገናኘን።

«ጋሼ፣ ባሕር ዛፉን ነቅለህ አቮካዶ ብትተክልስ?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ስማኝ ልጄ፣ ባሕር ዛፉን የምቆርጠው እኔ ሲቸግረኝ ነው። ልጅ ስድር፣ ሰው ሲታመም፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣ። ነጋዴው ኢሱዙውን ይዞ እማሳዬ ዳር ይመጣል፣ አጣናውን ይቆጥራል፣ ይከፍለኛል፣ ይጭናል። ካልተስማማን ይሄዳል፤ ዛፉ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እንዲያውም ይወፍራል። ያንተ ፍሬ ሲደርስ ገዢው ማነው? ሳይመጣ ቢቀርስ? ማገር አይሆነኝ፣ አጥር አይሆነኝ።»

በሦስት ገጽ ኤክሴል ውስጥ የሌለው ጥያቄ ይህ ነበር። ባሕር ዛፍ ገበሬውን የማረከው ገዢው ማሳው ድረስ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ስለሚመጣና የሽያጩ ቀን በገበሬው እጅ ስለሆነ ነው። አቮካዶ ከዚህ ጋር ነው የሚወዳደረው። በኪሎ ስንት ያስገኛል የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ገዢ ያለው ዛፍም ቢሆን አደጋ አለው። ከመራዊ አለፍ ብሎ አዊ፣ ፋግታ ለኮማ ያለውን አስታውሱ። ገበሬው ደከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳው ላይ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ሸጦ ቤቱን በቆርቆሮ አደሰ። ተመራማሪው ሁሉ እየሄደ እንደ አርአያ ጻፈለት። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. ግድም የዝገት በሽታ የሚያመጣ ፈንገስ ገባና ያ ሁሉ ደን ደረቀ። አካባቢው በሙሉ አንድ ዛፍ ላይ ተደግፎ ነበር። በእኛ ሙያ አንዱ ሲወድቅ ሁሉን ይዞ የሚወድቅ ክፍል ካለ ሥራው አላለቀም እንላለን። የዶራቪል ሰውም ይህን ያውቀዋል፤ ከተማዋን ስድሳ ዓመት ያቆማት የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ተዘግቶ ቦታው ለዓመታት ባዶውን ቆሟል።

ወደ ሃስ እንመለስ። ይህ ፍሬ ዛፍ ላይ እያለ አይበስልም፤ የሚለሰልሰው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ዓይን ይታለላል። ሳይደርስ ከተቆረጠ አውሮፓ ሲደርስ ተጨማዶ እንደ ጎማ ይሆናል እንጂ አይበስልም፤ ገዢውም ሁለተኛ አይመለስም። ኬንያ የአፍሪካ ትልቋ አቮካዶ ላኪ ሆና ይህንኑ ችግር ማስቆም ስላቃታት ያልደረሰ ፍሬ እንዳይቆረጥ በየዓመቱ መጨረሻ አካባቢ መሰብሰብን የምታግድበት ጊዜ አለ። መድረሱን የሚያሳየው ደረቅ ይዘቱ ነው። መለኪያው ደግሞ እንዳሰባችሁት ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ሚዛንና ማይክሮዌቭ ይበቃል። 100 ግራም ሥጋውን ፈቅፍቆ፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቆ መልሶ መመዘን ነው። 23 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ ይቆረጥ፣ ካነሰ ይቆይ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ 115,000 ዶላር በምናዋጣበት ዕቅድ ውስጥ ለዚህ የተያዘ አንድ ብር የለም።

ከዚያ ኮንቴይነሩ ይመጣል። አንድ ባለ 40 ጫማ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር 20 ቶን ያህል ይጭናል። አጎቴ አንድ ቃዳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ቢሰጥ 50 ዛፍ ነው። ከአንዱ ዛፍ ለውጭ የሚሆን 20 ኪሎ ተገኘ ብንል አንድ ቶን ሆነ። አንድ ኮንቴይነር ለመሙላት እንደ አጎቴ ያሉ ሃያ ገበሬዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ ደረጃ፣ ሳይቆስል ቆርጠው ማድረስ አለባቸው። ፍሬው ከ5 እስከ 6 ዲግሪ እየቀዘቀዘ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ ባሕሩ አለ።

እዚህ ላይ ከሁላችንም የተሻለ ያወቀው የጭነት መኪና ሹፌሩ ነበር። ሰውዬው ከካሊፎርኒያ ሰላጣና እንጆሪ በማቀዝቀዣ እየጫነ አትላንታ የሚያመጣ ነው። ቡድኑ ውስጥ ብዙ አይጽፍም። አንድ ቀን «መንገድ ተዘግቶ ሁለት ቀን ቢቆም ለጄኔሬተሩ ናፍጣ የሚሞላው ማነው?» ብሎ ጻፈ። ማንም አልመለሰለትም፤ አንዱ የሳቅ ምልክት አደረገበት። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ባለው ጦርነት መንገድ ስንቴ እንደተዘጋ ቤተሰብ ያለን ሁላችን እናውቃለን። ይህን ጽፎ ማስቀመጥ ተስፋ መቁረጥ ተብሎ የሚጠራ ከሆነ፣ ይባል።

ስለ ንቧም ማንም አላነሳም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በየካቲት አልሞንዱ ሲያብብ ከመላው አሜሪካ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቀፎ በጭነት መኪና እየተጋዘ ይገባል፤ ገበሬው ለቀፎው ኪራይ ይከፍላል። አቮካዶም ንብ ይወዳል። አበባው ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈተው፤ መጀመሪያ እንደ ሴት፣ በማግስቱ እንደ ወንድ። ሃስ የሴቷን አበባ በጠዋት ይከፍታል፤ ከሰዓት በኋላ ከሚከፍት ሌላ ዝርያ ጋር ቢቀላቀል ፍሬው ይበዛል። የአበባ ዱቄቱን የሚያመላልሰው ደግሞ በዋናነት ንብ ነው። እኛ ቀፎ በሞላበት አገር ተወልደን ለዚህ ኪራይ መክፈል አያስፈልገንም፤ ነገር ግን በፀረ አረም ኬሚካል ንቡ እያለቀ ነው ብሎ አጎቴ ራሱ ያማርራል። ሃስ ብቻ የተተከለበት፣ ኬሚካል የሚረጭበት ማሳ በኤክሴሉ ላይ የተጻፈውን ኪሎ አይሰጥም።

ያለኝን ሐሳብ በደረቁ ልጻፈው። ከገበሬ መሬት ተከራይተን ራሳችን ተካይ አንሁን። የሚተክሉ ሰዎች አሉ፤ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፣ መሬቱም የእነሱ ነው። የጎደላቸው መሀሉ ነው። ገንዘቡን እዚያ እናድርገው። መጀመሪያ አሁን በሥራ ላይ ካለ ላኪ ወይም ከገበሬዎች ዩኒየን ጋር የግዢ ስምምነት ይፈረም፤ ያ ካልተገኘ አንድም ሳንቲም አይውጣ። ከዚያ ከየትኛው ዛፍ እንደተዳቀለ የሚታወቅ ችግኝ፤ ከጎዳና የተገዛ ችግኝ ሃስ ይሁን ሌላ የሚታወቀው በአራተኛው ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አጎቴን «ተሳስተናል» ማለት አይቻልም። ከዚያ ጥላ፣ ሚዛን፣ ማይክሮዌቭና ሣጥን ያለው መሰብሰቢያ። የመጨረሻውና ትልቁ ወጪ ደግሞ ገበሬው ፍሬ እስኪያይ በየዓመቱ የሚሰጥ ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ባሕር ዛፉ የሚሰጠውን የቸገረ ቀን ገንዘብ የሚተካ። አስተዳደሩን እኛ ከዚህ ልናግዝ እንችላለን። ማን መቼ ስንት ኪሎ እንዳስረከበ የሚመዘግብ፣ ኔትወርክ ሲጠፋም የሚሠራ ቀላል ነገር እኔ በሁለት ወር እሠራለሁ፤ ያለ ክፍያ።

አንድ ወንድማችን «ታዲያ ትርፉ የት አለ?» አለኝ። አግባብ ያለው ጥያቄ ነው። ትርፉ በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ትንሽ ነው፣ ዘግይቶም ነው የሚመጣው። ብሩ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ከዚያ በፊት ብዙ ነጋዴ ሰሊጥም ሆነ ሌላ ምርት በኪሳራ ይልክ ነበር፤ የሚፈልገው ዶላሩን ነው፣ በዶላሩ ዕቃ አስገብቶ ያተርፋል። እንዲህ ካለ ነጋዴ ጋር በዋጋ መወዳደር አይቻልም ነበር። አሁን ያ ክፍተት ጠቧል፤ በምርቱ ራሱ ማትረፍ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ሒሳብ መሥራት ይችላል።

ሌላው «ጆርጂያን ተመልከት፣ ፒካን ተክለው ከበሩ» አለ። ተመለከትኩ። ባለፈው ኅዳር ለሥራ ወደ ኦልበኒ ስወርድ በየመንገዱ ዳር «ፒካን እንገዛለን» የሚል ሰሌዳ አየሁ። ሰዉ ከጓሮው ዛፍ የለቀመውን በከረጢት ያመጣል፣ ይመዘንለታል፣ ይከፈለዋል። ይህ ለእኔ ከአትክልት ቦታው ሁሉ የበለጠ ትልቅ ነገር ነበር፤ ለአንድ ከረጢትም ገዢ አለ። ፒካን የገበያ ዛፍ የሆነው ራሱ አንቷን የሚባል ሉዊዚያና ውስጥ በባርነት የነበረ አትክልተኛ በ1840ዎቹ መልካሙን ዝርያ አዳቅሎ ማባዛት ስለቻለ ነው። የእሱ ዓይነት ሙያ ያለው ሰው መራዊም አለ፤ የሚቀጥረው ነው የጠፋው። በ2018 ማይክል የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡብ ምዕራብ ጆርጂያን ሲመታ ደግሞ የአያት የአባት ፒካን በአንድ ሌሊት ተገነደሰ። መድን የነበረው ተነሣ፣ ያልነበረው ሸጦ ሄደ። በእኛ ኤክሴል መድን የሚል ቃል የለም።

እሑድ ማታ ምዝገባው ተዘጋ። አሥራ አራት ሰው ገባ። ከቀሩት ዘጠኝ ውስጥ ሹፌሩን ጨምሮ አምስታችን በሚመጣው ቅዳሜ ቡና ልንጠጣና ከሁለት ላኪዎች ጋር ልንነጋገር ተቀጣጥረናል። የተመዘገቡትም ወንድሞቼና እህቶቼ ናቸው፤ ቢሳካላቸው ደስ ይለኛል፣ ማይክሮዌቭ ግዙ ከማለት ግን አልቦዝንም።

ሰኞ ማለዳ ለአጎቴ ደወልኩ። ከባሕር ዛፉ አንዱን ቃዳ ለመንቀል ፈቃደኛ መሆኑን ነገረኝ፤ ሁሉንም አይደለም፣ አንዱን። ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፦ «የሚገዛኝን ሰው ስምና ስልክ ላክልኝ። አነጋግሬው ሲያበቃ እነቅላለሁ።»

ችግኝ የሚተከለው ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ ነው። እስካሁን የምልክለት ስም የለኝም።